የላጲስ አባት እና አልከፈት ያለው ቪዲዮ

እኔ አነሳለሁ፣ እሷ ታጠፋለች። የስቱዲዮአችን የሥራ ክፍፍል ይኸው ነው። ሰው መጥቶ መጋረጃው ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን ቀና አስደርጌ ጠቅ አደርጋለሁ፣ ምስሉ ወደ ጓዳ፣ ወደ እሷ ኮምፒውተር ይሄዳል። ጓዳ ውስጥ ብጉር ይጠፋል፣ ከዐይን ሥር ያለው ጥቁረት ይጠፋል፣ ሁለተኛው አገጭ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ደንበኛው ራሱ ይጠፋና ሌላ ሰው ታትሞ ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ "ላጲስ" የሚላት ለዚህ ነው። ስሙን ወዳዋለች። ስልክ ስታነሳ እንኳ "አቤት፣ ላጲስ ነኝ" ትላለች።

ሥራዋን እያንቋሸሽኩ አይደለም። እንደሷ ያለ እጅ አላየሁም። በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ስልክ ወትፋ ከልጇ ጋር ስለ ቤት ሥራ ስትጨቃጨቅ፣ ቀኝ እጇ የአንዲትን ሴትዮ ግንባር ያለሰልሳል። ምን እንዳጠፋች ብትጠይቋት አታስታውሰውም። እጇ ጠባሳ ካየ ይሄዳል፣ እሷን አያማክርም። ደንበኞችም ይህን ያውቃሉ። "ትንሽ ብቻ ነካ አድርጊልኝ፣ እንዳይታወቅ" ይሏታል በጆሮዋ። "ትንሽ" ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን የምናውቀው እኔና እሷ ነን።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረን። የኮምፒውተሩ ዲስክ ጠባብ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ አዲስ ግዛ ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ሰው ነው። ስለዚህ የተስተካከለው ምስል ይቀመጣል፣ ጥሬው ይሰረዛል። ጥሬውን ማን ይፈልገዋል? እስከዚያ ቀን ድረስ ጥሬ ምስል አምጡ ያለን ሰው አልነበረም።

የላጲስ አባት፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ በያጅ ነበሩ። የሰፈሩን የብረት በሮች ግማሽ ያህሉን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ላጲስ ገና ዳዴ በምትልበት ጊዜ የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ከግራ ጆሯቸው ሥር እስከ አገጫቸው የተጨማደደ ጠባሳ ጥሎባቸዋል፤ የግራ ዐይናቸው ቆብም ወደ ታች ወርዶ ቀረ። ሰውየው ራሳቸው ግድ አልሰጣቸውም። ግድ የሰጣት እሷን ነው። ትምህርት ቤት ሊወስዷት ሲመጡ የክፍል ልጆች ፊታቸውን አይተው ሲሸሹ አይታለች፣ ይህንንም አልረሳችውም። እጇ ሥራ ሲለምድ መጀመሪያ ያስተካከለችው የሳቸውን ፊት ነው። በዓመት አንዴ ንጹህ ሸሚዝ አስለብሳ ስቱዲዮ ታመጣቸዋለች፣ እኔ አነሳቸዋለሁ፣ እሷ ጓዳ ገብታ ከማንም ደንበኛ በላይ ትለፋባቸዋለች። ከጓዳ የሚወጡት ጋሼ ጉንጫቸው ለስላሳ፣ ዐይናቸው እኩል፣ ፀጉራቸው ጠቆር ያለ ነው። ያደረገችው ከፍቅር ነው። ይህን ረግጬ የምናገረው በኋላ ራሷን ስትረግም ስለሰማኋት ነው።

ጋሼ ሥራዋን አንድም ቀን አላደነቁላትም። እሳቸው በዓለም ላይ የሚጠሉት ነገር ቢኖር ስቱኮ ነው። ክፉ ብየዳ በይዶ፣ ክፍተቱን በስቱኮ ለቅልቆ፣ ላዩን ቀለም የሚቀባ በያጅ እሳቸው ዘንድ ከሌባ አይሻልም። የትም በር ፊት ሲቆሙ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በመገጣጠሚያው ላይ ያስኬዳሉ። ስቱኮ ካገኙ "ቱ" ብለው ያልፋሉ።

መርሳት ከጀመራቸው ወዲህ አንድ እሑድ ቤታቸው ምሳ ተጋብዤ ነበር። ከሶፋው በላይ የሳቸው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፣ እኔ ያነሳሁት፣ እሷ ያስተካከለችው። ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አሉ።

"አባባ፣ አንተ ነህ እኮ" አለች ላጲስ።

"አይደለሁም። ይሄ ሰው ሠርቶ አያውቅም።"

ላጲስ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፣ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። ባሏ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "በሽታው ገፋ" አለኝ። ሐኪሙም ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ አሉ። እኔም ከንፈሬን መጥጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጋሼ የጠፉት አንድ ቀን ጠዋት ላጲስ ልብስ ስታሰጣ ነው። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ጎረቤት ታየ፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ መቀመጥ የሚወዱበት የሻይ ቤት በረንዳ፤ የሉም። ከሰፈራችን ጀርባ ትልቁ መንገድ የምንለው የጭነት መኪና መንገድ አለ። መኪኖቹ ለማንም አይቆሙም፣ ጋሼ ደግሞ ካለፈው ክረምት ወዲህ መንገድ መሻገርን ረስተዋል፤ ግቢያቸው ይመስል ዝም ብለው ይገቡበታል። ሁላችንም በልባችን የምናየው ያንን መንገድ ነበር። አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

ባሏ ታክሲ ነጂ ነው። ትልቁን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ መኪናው ውስጥ ጭኖ ከተማውን ማሰስ ጀመረ። መናኸሪያ፣ ፋርማሲ፣ ገበያ፣ ከትልቁ መንገድ ዳር የተደረደሩትን መጋዘኖች፣ አንድም በር አላስቀረም። "ይህን ሰው አይታችኋል?" ይላል፤ መልሱ ሁሉም ጋ "አላየንም" ነው።

እኔና ላጲስ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቦርሳዋ ውስጥ የአባቷን ትንሽ ፎቶ ይዛለች። ተረኛው ፖሊስ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ደግነቱ አላስጠበቀንም። ልዩ ምልክት ካላቸው ጠየቀ።

"ግራ ጉንጩ ላይ ትልቅ የቃጠሎ ጠባሳ አለ" አለች። "ከጆሮው እስከ አገጩ። ግራ ዐይኑም ወረድ ያለ ነው።"

ጻፈ። ከዚያ ፎቶውን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

"እህቴ፣ ይሄ ማነው? ታናሽ ወንድሙ ነው?"

"አባቴ ነው።"

"ጠባሳው የታለ?"

ላጲስ ፎቶውን ከእጁ ወስዳ አየችው። ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ። ጠዋት ሙሉ እኔም ያንን ፎቶ ሳየው ነበር፤ አንዴም አልታየኝም። የለመደ ዐይን የሚባለው ምን ያህል ዕውር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"የራሱን ፎቶ አምጪልኝ" አለ ፖሊሱ፣ በክፋት አይደለም። "በዚህ ብንፈልገው አጠገቡ ደርሰን እናልፈዋለን።"

ከጣቢያው ስንወጣ ሰማዩ በደመና ጠቁሮ ነበር። ላጲስ ደረጃው ላይ ቆመች።

"ባሌ ከጠዋት ጀምሮ የሌለ ሰው ነው የሚፈልገው" አለች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ተይ እንግዲህ፣ አሁን የማልቀሻ ሰዓት አይደለም። ሌላ ፎቶ ፈልጊ።"

"የለም።"

"እንዴት አይኖርም? መታወቂያው?"

"እኛው ነን ያነሳነው።"

"ስልክሽ ላይ?"

"ሳላስተካክል አስቀምጬ አላውቅም።"

ሳትስተካከል የቀረች አንዲት ፎቶ ብቻ አለች፤ እሷም ከቃጠሎው በፊት የተነሳች ናት። ጎፈሬ ያበጠረ ጎረምሳ፣ ሱሪው ከታች የሰፋ። እሱን ይዘን ብንዞር ሰው ይስቅብናል። የጎረቤትን ስልክ እንጠይቅ እያልኩ ሳለሁ ላጲስ ክንዴን ያዘችኝ።

"ወንድሜ" አለች። "ወንድሜ ቪዲዮ ቀርጾታል።"

ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ያን ቀን ከአገር ርቆ መንገድ ላይ ነበር። ባለፈው ሲመጣ የግቢውን በር ማጠፊያ ጋሼ እያስተማሩት ሲበይድ፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቀርጾት ነበር። ደወለችለት። አባቱ መጥፋታቸውን ሲሰማ መኪናውን ዳር ሲያስይዝ ተሰማን።

"ቪዲዮውን ላክልኝ" አለችው።

"ያ ስልክ ውኃ ገብቶበት ሞተ አላልኩሽም? ከመሞቱ በፊት አንቺው አይደለሽ ወደ ስቱዲዮ የገለበጥሽልኝ?"

እውነቱን ነው። እኛው ጓዳ ውስጥ፣ "የወንድሜ" የሚል ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። እሷ ያልነካችው ብቸኛው የአባቷ ፊት እዚያ ነበር፤ ያልነካችውም ቪዲዮ ስለሆነ ብቻ ነው።

ሮጠን ስቱዲዮ ገባን። ላጲስ ማንኛውንም ነገር የምትከፍተው በዚያው በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሟ ነው። ከቪዲዮ ላይ ምስል ስታወጣም በሱ ነው፤ ፍሬም በፍሬም እየሄደች፣ ያልደበዘዘውን መርጣ፣ አጉልታ፣ በቀጥታ ወደ ማተሚያው ትልከዋለች። ፋይሉን ጎትታ ጣለችበት። ፕሮግራሙ ትንሽ አሰበና መክፈት አልቻልኩም አለ። ደገመችው። ያው ነው። ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተችው፣ ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው። ያ ኮምፒውተር እስኪነቃ ድረስ ሰው ልጅ ያሳድጋል። ላጲስ ጥፍሯን ትበላለች፣ እኔ ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ እመላለሳለሁ። ነቃ፤ ፋይሉን ሰጠችው፤ አሁንም አልከፍትም አለ።

"የስሙን ጅራት ቀይሪው" አልኳት። ከፋይሉ ስም መጨረሻ ያሉት ፊደሎች ከለመድናቸው ይለያሉ። አላመነችኝም፣ ግን ተነሳችልኝ። የለመድነውን ጅራት ቀጠልኩለት። ፕሮግራሙ እንደገና መክፈት አልቻልኩም አለ።

"ስሙን እንጂ ሆዱን አልቀየርከውም" አለች።

ተናደድኩ። በሷ ሳይሆን በማሽኑ። እስቲ ቪዲዮ ማያው ላይ እንሞክረው ብዬ ጫንኩት። መስኮቱ ተከፈተ፣ ጥቁር ነው። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም ጋሼ።

"ጠጋ በል እንጂ። ከብረት ጋር ተጣልተሃል እንዴ? እጅህን አታጣድፈው... እንዲያ። አሁን ገና ሰው መሰልክ።"

ላጲስ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ደርቃ ቀረች። ሰውየው እዚያ ውስጥ አሉ፣ ይናገራሉ፣ ይስቃሉ፣ ግን አይታዩም። ወደ እኔ ስልክ ገለበጥነው፤ የኔ ስልክ ያረጀ ነው፣ እሱም ድምፁን ብቻ ሰጠን። ጥቁሩ ውስጥ ጋሼ "መነጽርህን አድርግ" እያሉ ልጃቸውን ይቆጣሉ።

"አጥፋው" አለች ላጲስ። አጠፋሁት።

ከመንገዱ ማዶ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ሰውዬ አለ። በዝግታው የተነሳ "ጥይት" እንለዋለን። ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ነው የሰርጋቸውን ቪዲዮ የሚረከቡት። ሌላ ቀን ቢሆን እሱ ዘንድ አልሄድም ነበር። ፋይሉን በፍላሽ ይዘን ተሻገርን። ጥይት ሻይ እየጠጣ ነበር። ፍላሹን ሰካ፣ ፋይሉን አየ፣ ሻይውን ፉት አለ።

"አዲሶቹ ስልኮች ቪዲዮ የሚያምቁበት መንገድ ሌላ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "የናንተ ፕሮግራም ይሄ ነገር ሳይፈጠር የተሠራ ነው፣ አያውቀውም። ፋይሉ አልተበላሸም። ወደ ድሮው ዓይነት መቀየር ብቻ ነው።"

"ቀይርልን እንግዲህ።"

"ይሄ ሰርግ ሲያልቅ። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ እሱን እያወጣ ነው፣ ካቋረጥኩት ከዜሮ ነው የሚጀምረው።"

ልሰድበው አፌን ስከፍት ላጲስ ቀደመችኝ። አልጮኸችም።

"አባቴ ጠፍቶብኝ ነው" አለችው። "ፊቱ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።"

ጥይት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሰርጉን አቋረጠው፣ መቀየሪያውን ከፈተ፣ ፋይሉን አስገባ። በዚያ ቀን ሲንቀሳቀስ እንዳየሁት ፈጥኖ ሲንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም። አረንጓዴዋ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ሦስታችንም ዐይናችንን ተክለን ቆምን።

መስመሯ ግማሽ ሳትደርስ የላጲስ ስልክ ጮኸ። ባሏ ነው። ከድምፁ ነገር እንዳለ አወቅሁ፤ የሚለው እኔ ድረስ ይሰማል። ትልቁ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ መኪና ገጭቷቸዋል፣ ሆስፒታል ተወስደዋል፣ እሱ ወደዚያ እየሄደ ነው። ላጲስ ወንበር ሳትፈልግ ቁጭ አለች፣ ወለሉ ላይ። ጥይት ውኃ አመጣላት፣ አልጠጣችም። ማሽኑ ብቻ ሥራውን ቀጠለ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እሷ ከወለሉ አልተነሳችም።

"እሳቸው አይደሉም" አለ ባሏ። "ሌላ ሰው ናቸው።"

ላጲስ ፈነጠዘች፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ተመስገን" አለች። ወዲያው ደግሞ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "የሰው አባት እኮ ነው" አለች። ያን ሽማግሌ ማን እየፈለጋቸው እንደሆነ ሦስታችንም አሰብን።

መስመሯ ሞላች። ጥይት አጫወተው፤ ምስል አለው። ጋሼ ከጭስና ከብልጭታ መሃል፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። ዞር ሲሉ የመበየጃ ጭምብል ፊታቸው ላይ ነው፣ ሲያነሱት እጃቸው ይጋርዳቸዋል። ጥይት እያቆመ ምስል ለማውጣት ሞከረ፣ ሁሉም የደበዘዘ ሆነ። "ይሄ የሷ ሥራ ነው" ብሎ ፍላሹን ነቅሎ ሰጠን፤ መንገዱን እስክንሻገር ድረስ በሩ ላይ ቆሞ አየን።

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ላጲስ አዲሱን ፋይል ለፕሮግራሟ ሰጠችው። አሁን አልከፍትም አላለም፤ የምሠራበት ቦታ የለኝም፣ ዲስኩ ሞልቷል አለ። ዲስኩን ሰብሬ ብጥለው ደስ ባለኝ ነበር።

"ሰርጎቹን ሰርዢ" አልኳት። "ባለቤቱን እኔ እችለዋለሁ።"

"የሰው ነው" አለች።

ፎልደሮቹን በክብደታቸው ደረደረቻቸው። ከላይ ከነበሩት አንዱ "አባባ" ይላል። የየዓመቱ ፎቶ፣ ደጋግማ ያለሰለሰችው ቅጂ ሁሉ ሳይቀር፤ ያን ያህል ስለለፋችበት ነው ያን ያህል የከበደው። ኮምፒውተሩ ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እሷ ተጭናዋለች።

ቪዲዮው ተከፈተ።

ፍሬም በፍሬም ሄደች። ብልጭታ። ጭስ። ጭምብል። ትከሻ። እጅ። በአንደኛው ላይ ጋሼ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፍተው፣ ልጃቸው የበየደውን እያዩ ሊስቁ ሲሉ፣ ወደ ስልኩ ዞረዋል። ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ጠባሳው፣ የወረደው ዐይን፣ ላባቸው፣ ጥርሳቸው። ላጲስ ቆመች።

"እዚህ ጋ" አለች።

አጎላችው፣ ብርሃን ሰጠችው። እኔ ወረቀት ላስገባ ወደ ማተሚያው ሄድኩ። ስልኳ ሲጮኽ ሰማሁ፣ ባሏን "አሁን ይደርሳል፣ በር ላይ ጠብቀን" ስትለው ሰማሁ። ወረቀቱን አስገብቼ ስመለስ ስልኩ በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ነው፣ ዐይኗ መስኮቱ ላይ፣ ዝናቡ ላይ ነው። ቀኝ እጇ ግን ሥራ ላይ ነበር። ከጆሯቸው ሥር ጀምሮ ግማሹ ጠባሳ ጠፍቷል።

የእጇን አንጓ ያዝኩት።

"ላጲስ" አልኳት።

መጀመሪያ ምን እንደሆንኩ አልገባትም። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ስልኩ ከትከሻዋ ወደቀ። ያ ፊት ዳግመኛ ሌላ ሰው ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው፤ እሷም እኔም ሳናውቀው ታትሞ ይወጣ ነበር። ወደ ኋላ መለሰችው፣ መለሰችው፣ መለሰችው፤ ጠባሳው ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ ማውዙን ወደ እኔ ገፋችው።

"አንተ ጨርሰው" አለች። "እኔ እጄን አላምነውም።"

ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች፣ እንደተቀጣ ልጅ። ማተሚያው የመጨረሻዋን ወረቀት እስኪተፋ ድረስ አላወጣቻቸውም።

በር ላይ ይጠብቀን የነበረው ባሏ አንዱን ወረቀት ወስዶ አየው። ከዚያ "እውነትም እሳቸው" አለ፣ እንደ አዲስ የተዋወቃቸው ይመስል። ትልቁን ፎቶ ከፊት ወንበር አንስቶ ከኋላ ጣለው። አንዱን ወረቀት ለፖሊሱ አደረስን፣ እሱም አላሾፈብንም፣ "ይሄ ይሻላል" ብሎ ወዲያው ለባልደረቦቹ ላከው። ከዚያ ጠዋት የተዞረበትን መንገድ እንደገና መዞር ጀመርን። መናኸሪያ፤ አላየንም። ፋርማሲ፤ አላየንም። ሰዓቱ እየመሸ፣ ዝናቡ እየጠነከረ ሄደ። ላጲስ ከኋላ ወንበር ትልቁን ፎቶ ጉልበቷ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች።

መጋዘኖቹ ጋ ደረስን። የመጀመሪያው መጋዘን ዘበኛ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ባሏን አይቶ አወቀው።

"ጠዋት ነግሬህ የለ? አላየሁም አልኩህ እኮ" አለ።

"ይሄን እየው" አለ ባሏ።

ዘበኛው የእጅ ባትሪውን ወረቀቱ ላይ አበራ። አፍጥጦ አየውና ተቆጣ።

"ጠዋት ያሳየኸኝ ሌላ ሰውዬ አይደለም እንዴ! እኚህማ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ናቸው። የጀርባውን በር በጥፍራቸው እየጫሩ ሲመረምሩ ከዋናው ቢሮ የተላኩ ተቆጣጣሪ መስለውኝ ወንበር ሰጠኋቸው። ሲቆጡኝ ነው የዋሉት።"

ባሏ ጠዋት እዚህ ሲጠይቅ ጋሼ ከዚያው ግንብ ጀርባ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም የሰማነው "የጀርባውን በር" የሚለውን ብቻ ነበር። የጀርባው በር የሚከፈተው ወደ ትልቁ መንገድ ነው። ላጲስ ቀድማን ሮጠች። በተደረደሩት ሳጥኖች መሃል እየተጋጨን ተከተልናት። ከውጭ የመኪኖቹ ጩኸት ይሰማል። በሩ ክፍት ነው፣ ወንበሩ ባዶ ነው።

ጋሼ ከበሩ ውጭ ቆመዋል፤ አስፋልቱ ከተረከዛቸው አጠገብ ነው። አንድ እጃቸው ከፍ ብሎ የላይኛውን ማጠፊያ ጨብጧል፣ ጀርባቸው ለመንገዱ ነው። ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጭቃውን ይረጭባቸዋል፤ ኮታቸው በስብሷል።

ላጲስ ሁለት እጇን ወገባቸው ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበቻቸው። ወረቀቱ በመሃላቸው ተጨማደደ።

"አባባ። አባባ፣ የት ነበርክ?"

"ሥራ ላይ" አሉ። ፊቷን አዩት፣ ማን እንደሆነች እየፈለጉ ይመስላል። ከዚያ ዐይናቸው ወረቀቱ ላይ አረፈ። ከእጇ ወሰዱት፣ የዘበኛው ባትሪ ወደበራበት አዞሩት። ላጲስ ምን እንደሚሉ የፈራች መሰለኝ፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

"ይሄማ እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ።

የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ወረቀቱ ላይ፣ ከጆሮው ጀምረው እስከ አገጩ አስኬዱት፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ብየዳ።

"ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

ወረቀቱን አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።

"ስቱኮ የለውም" አሉ። "ጎበዝ።"

ላጲስ እርጥብ ኮታቸው ውስጥ ተሸጉጣ፣ ጉንጯን ጠባሳው ላይ አድርጋ አለቀሰች። ባሏ ፊቱን አዙሮ ቁልፉን የሚፈልግ መሰለ። ጋሼ አንድ እጃቸውን ራሷ ላይ ጣል አድርገው ትንሽ ታገሷትና ቀና ብለው ዘበኛውን አዩት።

"የላይኛው ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል" አሉት። "ነግሬሃለሁ።"